የቆላው ዝንብ፣ የከብቱ ደም፣ የሰው አንጎል

ገንዲ የከብት በሽታ ነው ተብሎ ያላደገ የጋሞ ልጅ የለም። እኔ የዲታ ደገኛ ነኝ። ዲታና ዳራማሎ በአንድ ወረዳ ስም በሚጠሩበት ዘመን ደጋው ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ ቆላው ከሩቅ ተዘርግቶ ይታየን ነበር። እዚያ ሣር አለ፣ ውሃ አለ፣ መሬቱም ሰፊ ነው። ደጋው ግን በእንሰትና በገብስ ተጨናንቆ የአባት ማሳ ለወንድማማቾች ሲከፋፈል ጓሮ አክሎ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሽማግሌዎቻችን በሬ ነድተው ቆላ መውረድን ይፈሩ ነበር። አባቴ ከቆላ ገበያ የመጣ ወይፈን ሲያይ መጀመሪያ የዓይኑን ቆብ ገልብጦ ውስጡን ይመለከታል። ቀጥሎ ፀጉሩን በመዳፉ ይዳብሳል፤ ከትከሻው ፊት ያበጠ ዕጢ እንዳለ በጣቱ ይፈልጋል። ዓይኑ የነጣ፣ ፀጉሩ የቆመ፣ ዕጢው ያበጠ ከሆነ "ይሄን ገንዲ ነክቶታል" ይልና ለባለቤቱ ይመልሰዋል። አባቴ የደም ማነስንና የዕጢ እብጠትን ይመረምር እንደነበር የተረዳሁት የላቦራቶሪ ሙያ ስማር ነው። ያለ ምንም መሣሪያ የሚደረግ፣ ግን ትክክለኛ ምርመራ ነበር።

የሰውን አንገት በዚያ ዓይነት ጥንቃቄ የሚዳብስ ያየሁት ሰው ግን አልነበረም። ቆላ የወረደ ሰው ካተኮሰው ወባ ነው፤ በሬው ከከሳ ገንዲ ነው። ሕክምናውም በዚሁ መልክ ተከፋፈለ፦ የሰው ላቦራቶሪ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ የከብት ላቦራቶሪ በሌላ መሥሪያ ቤት። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ማይክሮስኮፕ የአንድን ሸለቆ ደም ያያሉ፣ ግን አይነጋገሩም። እ.ኤ.አ. በ2022 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አምስት ሰዎች የእንቅልፍ በሽታ ተገኘባቸው። በሽታው በአገራችን ከ30 ዓመት በላይ አልተመዘገበም ነበር። ከዚያ በኋላ ስማቸው ከዚህ በሽታ ጋር በሕክምና መጽሔት ከወጣ ቦታዎች መካከል ኩቻ አልፋና ዳራማሎ ይገኙበታል። የደም ስላይድ ሳነብ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝና ይህን ታሪክ ከሥሩ ልንገራችሁ። በእኔ እምነት የከብቱን ታሪክ በደንብ ያነበበ ሰው የሰውየውን መታመም ቀድሞ መገመት ይችል ነበር።

የከብቱን ገንዲም የሰውን የእንቅልፍ በሽታም የሚያመጣው ትሪፓኖሶም የሚባል፣ በዓይን የማይታይ፣ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጥረት ነው። ቀጭን ነው፤ ርዝመቱ የአንድን ቀይ የደም ሕዋስ ስፋት ሦስት እጥፍ ያህላል፤ በጎኑ ላይ የሚርገበገብ ስስ ሽፋን አለው። ገና ያልደረቀ ደም ውስጥ ሲታይ ቀያዮቹን ሕዋሶች ግራና ቀኝ እየገፋ ይፈራገጣል። የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ ነው። የከብቱን ገንዲ በአብዛኛው የሚያመጡት ኮንጎሌንስና ቪቫክስ የተባሉት ዝርያዎች ናቸው፤ ሦስተኛው ብሩሲ ይባላል። ብሩሲ የሚል ስም የተሰጠው ብሪታንያዊው ሐኪም ዴቪድ ብሩስ በ1895 በደቡብ አፍሪካ ዙሉላንድ በታመሙ ከብቶች ደም ውስጥ ስላገኘው ነው።

የሰው ደም ለዚህ ፍጥረት መድኃኒት አለው። ኤፒኦኤል 1 የሚባል ፕሮቲን በደማችን ውስጥ ይዘዋወራል። ተራው ብሩሲ ወደ ሰው ሲገባ ይህን ፕሮቲን ይውጣል፤ የዋጠውም ከውስጥ ያፈነዳዋል። ይህ ሥራው የታወቀው በ2003 ነው። ስለዚህ የሰው ልጅ በቆላ ዝንብ ሺህ ጊዜ ተነክሶም ከከብት ገንዲ ሊድን ችሏል። ሮዴሴንስ የሚባለው የብሩሲ ወገን ግን ኤስአርኤ የሚባል ተጨማሪ ዘረ መል ይዟል፤ ይህም የሰውን ፕሮቲን ይይዝና ያከሽፈዋል። ከዚያ በኋላ በሰው ደም ውስጥ እንደ ልቡ ይባዛል። የሰውነት መከላከያ ሊያጠቃው ሲነሳም የላይ ልብሱን እየለወጠ ያመልጣል።

እኛን ማይክሮስኮፕ አንባቢዎችን የሚያስጨንቀው አንድ ነገር አለ። ተራው ብሩሲና ሮዴሴንስ በመልክ አይለዩም። በእኛው ቆላ፣ በደሜ ሸለቆ፣ በአንድ በሬ ደም ውስጥ ብሩሲ ቢታይ ለባለቤቱ ልጅ አደጋ ይሁን አይሁን ስላይዱ አይናገርም። የሚለየው የዘረ መል ምርመራ ነው። ከብቱ ደግሞ ሮዴሴንስን ተሸክሞ ብዙም ሳይታመም ሊኖር ይችላል። የዱር እንስሳም እንዲሁ ነው፤ ኬንያ ውስጥ በ1958 ከድኩላ ደም የተወሰደ ትሪፓኖሶም ሰውን እንደሚይዝ ተረጋግጧል። በኩቻና በዳራማሎ መካከል ያለው የማዜ ብሔራዊ ፓርክ፣ የስዋይን ቆርኬ መኖሪያ፣ ከሰውና ከከብት ጋር የሚጎራበት ምድር መሆኑን የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

የሰውየው ሕመም እንዴት ይጀምራል? ዝንቡ በነከሰበት ቦታ የሚያም፣ የቀላ እብጠት ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ትኩሳት ይመጣል፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ የዕጢ እብጠት ይከተላሉ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ወባ ይመስላል። ሁለተኛው ደረጃ የሚጀምረው ጥገኛው ወደ አንጎል ሲሻገር ነው። ሌሊት እንቅልፍ ይጠፋል፤ ቀን ላይ ሰውየው ጉርሻ በአፉ እያለ ያንቀላፋል። ንግግሩ ይጎተታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አካሄዱ ይበላሻል። ጠባዩም ይለወጣል፤ ዝምተኛው ተሳዳቢ፣ ደግ የነበረው ቁጡ ይሆናል። ቤተሰብ በዚህ ጊዜ ወደ ጸበል ወይም ወደ ጸሎት ቤት ይወስደዋል። አልወቅሳቸውም፤ አእምሮው የተለወጠን ሰው አይቶ የዝንብ ንክሻን የሚያስታውስ ማን አለ? ሮዴሴንስ ግን ጊዜ አይሰጥም። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ይገድላል።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስ። አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት ዘመን፣ ከ1888 እስከ 1892፣ የአገሪቱን ከብት የጨረሰው ደስታ የተባለው የከብት ወረርሽኝ ነበር። በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደመጣ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። በሽታው ወደ ደቡብ ወርዶ አፍሪካን አቋረጠ። የግጦሽ ከብትና እረኛ ሲጠፋ ሜዳው ቁጥቋጦ ለበሰ። ቁጥቋጦው ደግሞ ለቆላ ዝንብ ቤቱ ነው። ጆን ፎርድ የተባለው ተመራማሪ በ1971 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ዘርዝሮ አስረድቷል፦ የእንቅልፍ በሽታ የሚነሳው ሰው፣ ከብትና ዱር ተመጣጥነው የኖሩበት ሥርዓት ሲናጋ ነው ይላል። ሐሳቡን በሙሉ የማይቀበሉ አሉ። እኔ ግን ደጋና ቆላውን አይቼ ስላደግሁ እቀበለዋለሁ።

ከክፉ ቀን ብዙም ሳይቆይ፣ ከ1900 ጀምሮ፣ በኡጋንዳ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ወረርሽኝ ተነስቶ በሁለት አሥርት ዓመታት ወደ ሩብ ሚሊዮን ሰው ፈጀ። ጣሊያናዊው ወጣት ሐኪም አልዶ ካስቴላኒ በእንቴቤ ከታማሚዎች ጀርባ በመርፌ በቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ትሪፓኖሶምን ያየው በዚያ ወረርሽኝ መካከል ነው። ወዲያው በ1903 ብሩስና ባልደረቦቹ አስተላላፊው የቆላ ዝንብ መሆኑን አሳዩ። የአንጎል በሽታ ምክንያት በአንጎል ፈሳሽ ውስጥ በዓይን መታየቱ በሕክምና ታሪክ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ዛሬም የምንሠራው ያንኑ ምርመራ ነው። ካስቴላኒ በእኛም ታሪክ ውስጥ ስሙ አለ። በ1935 ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወርር የወራሪው ጦር የሕክምና አገልግሎት የበላይ ኃላፊ ሆኖ የመጣው ይኸው ሰው ነው። ለአፍሪካ ሕሙማን ያንን ግኝት ያበረከተ እጅ፣ አገሬን በመርዝ ጋዝ ለፈጀ ጦር ጤና መቆሙን ሳስብ ያመኛል።

በኢትዮጵያ የሰው የእንቅልፍ በሽታ መኖሩ የተረጋገጠው ዘግይቶ፣ በ1967፣ በጋምቤላ ምድር ነው። ማኮኔል፣ ቤከርና ሃቺንሰን የባሮና የጊሎ ወንዞችን ዳርቻ ዞረው ያዘጋጇቸው ጽሑፎች በ1970 እና 1971 ታትመዋል። የተገኘው ዝርያ ፈጣኑ ሮዴሴንስ ነበር። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ካርታ ላይ የእንቅልፍ በሽታ ምልክት የሚደረገው በዋናነት በጋምቤላ ላይ ሆነ። ከ1991 በኋላ ደግሞ ምዝገባው ራሱ ቆመ። በጊዜው የነበረውን ሁኔታ ለሚያውቅ ሰው ይህ ዝምታ የሚያስደስት አልነበረም። በሽተኛ የተመዘገበበት ቦታ በካርታው ላይ ይቀባል፤ ያልተመዘገበበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ነጩ ቦታ ግን በሽታ የሌለበት ሊሆን ይችላል፣ ማንም ያልፈለገበትም ሊሆን ይችላል።

ወደ ጋሞ ልምጣ። በ1960ዎቹ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ከጨንቻ ደጋ ወርዶ አርባ ምንጭ ተቆረቆረ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 ሜትር አትበልጥም፤ ይህ የወባም የቆላ ዝንብም ከፍታ ነው። ጥጥ፣ ሙዝና የመንግሥት እርሻ ቆላውን ከፈቱት። ደገኛው ቦታ ሲያጣ አያቶቹ ወደሸሹት ምድር በሬውን ነድቶ ወረደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከብት ያለው ሁሉ ያውቃል፦ በሬው ከሳ፣ ላሚቱ ጨነገፈች፣ ወተቱ ነጠፈ። ገበሬው የሚታረስ መሬት አግኝቶ የሚያርስበት አጣ። ቤረኒል እየተባለ የሚጠራውን መርፌ ከየትም ገዝቶ ራሱ መውጋት ጀመረ፤ በየጊዜው በትንሽ በትንሹ የተወጋው መድኃኒትም ጥገኛውን እያለማመደው ሄደ።

መንግሥት በ1997 የጀመረው የደቡብ ስምጥ ሸለቆ የቆላ ዝንብ ማጥፊያ ፕሮጀክት የመጣው በዚህ መካከል ነው። ዕቅዱ 25 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሲሆን አርባ ምንጭ ከዋና ማዕከሎቹ አንዷ ሆነች። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ደጋፊ ነበር። አቶሚክ ከዝንብ ጋር ምን አገናኘው ለሚል ሰው መልሱ እንዲህ ነው። የቆላ ዝንብ እንደ ቤት ዝንብ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል አትጥልም። አንድ ግልገል ብቻ በማህፀኗ አሳድጋ በዘጠኝና በአሥር ቀን አንዴ ጥላ ያረፈበት አፈር ላይ ትወልዳለች። ብዙውን ጊዜም በዕድሜዋ የምትጠቃው አንድ ጊዜ ነው። ዘዴው ወንዱን በጨረር አምክኖ በብዛት መልቀቅ ነው፤ ሴቷ ከመካኑ ጋር ከተገናኘች ዘር አይኖራትም። ዛንዚባር ኡንጉጃ ደሴት ላይ በ1997 የቆላ ዝንብ ሙሉ በሙሉ የጠፋው በዚህ ዘዴ ነበር።

በእኛ ምድር የሚገኘው ዋናው ዝርያ ፓሊዲፔስ ነው። ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ የለበሱ ወጥመዶች በየጥሻው ተተከሉ፤ ከሥራቸው አሴቶንና የላም ሽንት በጠርሙስ ተቀመጠ፤ ዝንቡ ቀለሙንና ሽታውን ተከትሎ ይገባል። በሬዎች ጀርባ ላይ ፀረ ዝንብ መድኃኒት ፈሰሰ። ከአርባ ምንጭ አካባቢ የተያዙ ዝንቦች ደግሞ ኦስትሪያ፣ ከቪየና አጠገብ ወዳለው የሳይበርስዶርፍ ላቦራቶሪ ተወስደው ከ1996 ጀምሮ መራባት ጀመሩ። እዚያ ያልታሰበ ነገር ገጠመ። ዝንቦቹ በምራቅ ዕጢያቸው ውስጥ ቫይረስ ተሸክመው ነበር። ዱር ውስጥ ብዙም የማይጎዳቸው ቫይረስ፣ በአንድ ቋት ደም በጋራ ሲመገቡ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ዕጢያቸውን አሳበጠ፣ መውለድ ከለከላቸው። በ2002 የኢትዮጵያው መንጋ ፈጽሞ አለቀ። ተመራማሪዎቹ የቫይረሱን ዘረ መል ለይተው መከላከያውን እስኪያገኙ ብዙ ደክመዋል። በአዲስ አበባ ቃሊቲ የተሠራው የዝንብ ማራቢያ ማዕከል በ2007 ተመረቀ፤ በደሜ ሸለቆም መካን ወንዶች ተለቀቁ። ዝንቡ በብዙ ቦታ ቀነሰ፤ ገበሬው በሬ መልሶ አገኘ፤ ይህን በዓይኔ ስላየሁ እመሰክራለሁ። ሆኖም ከሸለቆው አልጠፋም።

የዚያን ፕሮጀክት ዘመን ጽሑፎች ያነበበ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያስተውላል፦ ስለ በሬ፣ ስለ ወተት፣ ስለ እርሻ ብዙ ተብሏል። ስለ ሰው የተባለው ጥቂት ነው። ማስጠንቀቂያ ግን ከጎረቤት መጥቶ ነበር። በምሥራቅ ኡጋንዳ ሶሮቲ ወረዳ በ1998 የእንቅልፍ በሽታ ከዚያ በፊት በማይታወቅበት አካባቢ ተነሳ። ተመራማሪዎች ሲያጣሩ መነሻው የከብት ገበያ ሆነ። በሽታው ካለበት አካባቢ የተገዙ ከብቶች ሮዴሴንስን በደማቸው ይዘው መጡ፤ በቦታው የነበሩት ዝንቦች አሰራጩት። ታማሚዎቹም ለገበያው ቅርብ በሆኑት መንደሮች በዝተው ተገኙ። የከብት ንግድ የሰውን አንጎል በሽታ አስቀድሞ ሊያመለክት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። የጋሞ ከብት ደግሞ ከኦሞ ሸለቆ እስከ ደጋው ገበያ ሲነዳ የኖረ ነው።

ከዚያ 2022 መጣ። አዱኛ አበራና ባልደረቦቻቸው ስለ አምስቱ ታማሚዎች የጻፉት ሪፖርት በ2024 መጀመሪያ በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ከአምስቱ አራቱ በሽታው ቀድሞ ከሚታወቅበት አካባቢ ውጭ የተያዙ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ያልተገኙ ሌሎች ሊኖሩ እንደሚችሉም አስጠንቅቀዋል። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው፤ የማምንበትን ምክንያት በራሴ ሙያ ላስረዳ።

እኛ የወባ ዘመን ልጆች ነን። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በ1959 ከተቋቋመ በኋላ በናዝሬት የሰለጠኑ ማይክሮስኮፕ አንባቢዎች ወደ ቆላው ሁሉ ተሰማሩ። ያስተማሩን እነሱ ናቸው። ጣት ይወጋል፣ አንዱ ጠብታ ወፍራም፣ ሌላው ስስ ሆኖ መስተዋቱ ላይ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ በጊምሳ ይነከራል። ከዚያ ዘይት ተደርጎ በ100 ሌንስ መስክ በመስክ ይነበባል። መምህራኖቻችን ወባን ካገኛችሁ በኋላ አታቁሙ ይሉን ነበር። ወባ ፍለጋ ስንሄድ የግርሻ ትኩሳትን ጠመዝማዛ ተሕዋስ ስንቴ አገኘን! ስላይድ እንዲህ ነው፤ ያልጠየቅነውንም ያሳያል።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 ከተጀመረ በኋላ የወባ ፈጣን መመርመሪያ ጤና ኬላ ድረስ ገባ። ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል፤ ማይክሮስኮፕም መብራትም በሌለበት ቀበሌ ስንት ሕፃን እንዳተረፈ አውቃለሁ። መመርመሪያው ግን የተሠራለትን ጥያቄ ብቻ ይመልሳል። ወባ አለ ወይስ የለም? ትሪፓኖሶም በደሙ ሞልቶ የፈሰሰ ሰው "የለም" ተብሎ ማስታገሻ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለተኛ ይመጣል፣ የታይፎይድ መድኃኒት ይሰጠዋል። ሦስተኛ ሲመጣ ተይዞ፣ ተደግፎ ነው፤ አንጎሉ ተነክቷል። ለጋምቢየንስ፣ ለምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ዝርያ፣ በጣት ደም የሚሠራ ፈጣን መመርመሪያ አለ። ለእኛው ሮዴሴንስ ግን የለም። ስለዚህ በዚህ ምድር ያለን መሣሪያ የሰው ዓይንና ስላይድ ነው። ዓይኑም መሠልጠን አለበት፤ በትምህርት ቤት የሥዕል መጽሐፍ ላይ ብቻ ያየውን ፍጥረት ሰው በደከመ ሰዓት አልፎት ሊሄድ ይችላል።

አንድ ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስለዚህ ስናወራ "ጋሼ፣ እኛ እኮ በየሳምንቱ እናየዋለን" አለኝ። እውነቱን ነው። እነሱ ከላሟ ጆሮ የተቀዳ ደም በቀጭን የመስታወት ቱቦ ሞልተው በሴንትሪፊውጅ ያሽከረክራሉ። ቀዩ ደም ታች ይረጋል፣ ፕላዝማው ላይ ይቀራል፣ ትሪፓኖሶም ካለ በመካከላቸው ባለው ነጭ ስስ መስመር ላይ ይሰበሰባል። ያን መስመር ማይክሮስኮፕ ሥር ሲያስገቡት ይንቀሳቀሳል፤ ጥቂት ቢሆን እንኳ በቀላሉ አያመልጥም። ያው ቱቦና ያው ማሽን የደም መጠን ለመለካት በሰው ሆስፒታልም አለ። ሁለቱ ባለሙያዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የአንዱ ልማድ ለሌላው ይተላለፋል። ሶዶ ያለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪና የአርባ ምንጭ ሆስፒታሎች በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ጎረቤቶች ናቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው በጀት ትንሽ ነው።

ጥገኛው በደም ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ ወደ አንጎል ገብቷል ወይ የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ከወገብ በመርፌ ፈሳሽ ይቀዳል። በፈሳሹ ውስጥ ትሪፓኖሶም ከታየ፣ ወይም በአንድ ማይክሮ ሊትር ከአምስት በላይ ነጭ የደም ሕዋስ ከተቆጠረ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ቤተሰብ ይህን መርፌ ይፈራል፤ "ሽባ ያደርጋል" የሚል ወሬ በየመንደሩ አለ። ታግሶ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ቀድሞ የመድኃኒቱ ምርጫ በሙሉ በዚህች መርፌ ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና።

የመድኃኒቱ ታሪክ የሥቃይ ታሪክ ነው። ሮበርት ኮኽ በ1906 በቪክቶሪያ ሐይቅ ደሴቶች አቶክሲል የተባለ የአርሴኒክ ውሁድ ለሕሙማን ሲሰጥ አንዳንዶቹ ዓይናቸው ጠፋ። በ1916 በጀርመኑ ባየር ኩባንያ የተሠራው ሱራሚን ለመጀመሪያው ደረጃ ጥሩ ሆነ። አሠራሩን ኩባንያው በምስጢር ቢይዘውም ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤርነስት ፉርኖ በ1924 ደረሰበት። ሱራሚን ግን ወደ አንጎል አይገባም። ለሁለተኛው ደረጃ ከ1949 ጀምሮ የተሰጠው ሜላርሶፕሮል ነው፤ እሱም አርሴኒክ ነው። ደም ሥር ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል፤ ከታከሙት ከመቶ አምስት ያህሉን መድኃኒቱ ራሱ ይገድላል። ሐኪሙ ይህን እያወቀ ነው የሚወጋው፤ ካልወጋው ሰውየው በእርግጠኝነት ይሞታልና። በ1990 የመጣው ኤፍሎርኒቲን ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ለጋምቢየንስ ሠራ፣ ለእኛው ሮዴሴንስ ግን አልበቃም። ስለዚህ የምሥራቅ አፍሪካ ታማሚ ለሰባ ዓመት ያህል በአርሴኒክ ሲታከም ኖረ። የታማሚው ቁጥር ትንሽ ስለሆነና ድሃ ስለሆነ እንጂ እንዲህ ያለ መድኃኒት ለሀብታም አገር ሰው ለሰባ ዓመት አይሰጥም ነበር።

ለውጡ የመጣው በቅርቡ ነው። ፌክሲኒዳዞል የተባለው ውሁድ በ1970ዎቹ በሆክስት ኩባንያ ተሠርቶ ተትቶ ነበር። ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት የሚያፈላልገው ዲኤንዲአይ የተባለ ድርጅት ከመደርደሪያ አውርዶ አስጠናው። የሚዋጥ ክኒን ነው፤ ለአሥር ቀን ምግብ ተበልቶ ይወሰዳል፤ አንጎል ውስጥም ይገባል። ለሮዴሴንስ በማላዊና በኡጋንዳ በ45 ታማሚዎች ተሞከረ። በዲሴምበር 2023 የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ ደግፎ ወሰነ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2024 መመሪያው ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት፣ ክብደታቸው ከ20 ኪሎ በታች ላልሆኑ ታማሚዎች የመጀመሪያ ምርጫ አደረገው። ከዚያ በታች ላሉት ሕፃናት አሮጌዎቹ መርፌዎች አሁንም አልቀሩም። መድኃኒቱን የዓለም ጤና ድርጅት በነፃ ያቀርባል። ታማሚው ከተገኘ መዳን ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ በኩቻ አልፋ፣ በዳራማሎ፣ በካምባና በዙሪያው ባሉ ጤና ጣቢያዎች ለምትሠሩ ልጆቼ የምለው ይህ ነው። ከቆላ የመጣ፣ ትኩሳቱ የተመላለሰበት፣ የወባ ምርመራው "የለም" ያለ ሰው ሲመጣ ከብት ይጠብቅ እንደሆነ፣ ዝንብ እንደነከሰው፣ ቀን ቀን ያንቀላፋ እንደሆነ ጠይቁ። አንገቱን ዳብሱ። ስላይድ ሥሩ፣ ደሙ ሳይደርቅም እዩት፤ ቱቦውን አሽከርክራችሁ ነጩን መስመር አንብቡ። ከተጠራጠራችሁ ስላይዱን አትጣሉ፤ ወደ አርባ ምንጭ ላኩት። ለከብት ሐኪሙም ደውሉለት፤ በዚያ ቀበሌ ገንዲ በርትቶ እንደሆነ ከእናንተ በፊት የሚያውቀው እሱ ነው።